ነጯ ዝንብ ከተክል የወሰደችው
በአምባራስ ለገበሬዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የመጣሁት ስለ ተባይ ልናገር ነው። የምጀምረው ግን አምባራስ ማሳ ላይ በማትገኝ ተባይ ነው። ነጭ ዝንብ ትባላለች። ሙቀት ስለምትወድ የስሜን ብርድ አይስማማትም፤ ኑሮዋ ቆላ ነው። ለሰሊጥ አጨዳና ለጥጥ ለቀማ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዳችሁ የምታውቁ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። የጥጥ ወይም የቲማቲም ቅጠል ነካ ሲደረግ ከሥሩ ብን ብለው የሚነሡ፣ ክንፋቸው ዱቄት የለበሰ ደቃቅ ፍጥረታት አሉ፤ እነሱ ናቸው። የአንዷ ቁመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዝንብ ትባል እንጂ ዝምድናዋ ከዝንብ ጋር ሳይሆን ከኛው ክሽክሽ ጋር ነው። ሁለቱም ቅጠል አያኝኩም፤ ሹል አፋቸውን ሰክተው የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ።

ጉዳቷ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ ተክሉን ታቀጭጫለች። ሁለተኛ የምትጥለው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ቅጠሉን ያለብሰዋል፤ በላዩም ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ሦስተኛውና የከፋው ደግሞ ከመቶ በላይ የተክል ቫይረሶችን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የምታሸጋግር መሆኗ ነው። የቲማቲምን ቅጠል አጨማዶ ቢጫ የሚያደርገው ቫይረስ የሚተላለፈው በእሷ ነው። ጎረቤታችን ሱዳን፣ ታላቁ የገዚራ የጥጥ እርሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያደረሰችውን ግብርና የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሎች ተባዮችን ለማጥፋት ተብሎ በተደጋጋሚ የተረጨው መድኃኒት ጠላቶቿን ጨረሰላት፤ እሷም በዛች። ፈሳሿ የነካው ጥጥ እየተጣበቀ መፍተያ ማሽን የሚያስቸግር ሆነ፤ ገበያውም ተጎዳ።

የሳይንስ ሰዎችን ለብዙ ዘመን ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች ተባይ ከ600 በላይ የተክል ዓይነቶችን ትመገባለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተክል እግር የለውም፤ ጠላት ሲመጣበት አይሸሽም። መከላከያው መርዝ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ፣ ግንዱ ውስጥ፣ ፍሬው ውስጥ ያዘጋጀዋል። እዚህ የምትዘሩት ገብስ እንኳ ግራሚን የሚባል መራራ ነገር የሚሠራ ዝርያ አለው፤ ክሽክሽ አይወደውም። እያንዳንዱ የተክል ወገን የራሱ የመርዝ ቅመማ ስላለው አብዛኞቹ ተባዮች አንድን ወይም ጥቂት ተክሎችን ብቻ ለምደው ይኖራሉ። ነጯ ዝንብ የስድስት መቶውን መርዝ እንዴት ቻለችው?

ከመልሱ አንዱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ጥናቱን የመሩት በቻይና የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የአትክልትና የአበባ ተቋም የሚሠሩት ዩጁን ዣንግ ሲሆኑ በስዊዘርላንድ የኑሻቴል ዩኒቨርሲቲው ቴድ ቱርሊንግስም ተባብረዋቸዋል። ያገኙት ይህን ነው፦ ነጯ ዝንብ ውስጥ አንድ የተክል ዘረመል አለ። ተክል የሚመስል ማለቴ አይደለም፤ ከተክል የመጣ ማለቴ ነው። እስካሁን በታወቀው መጠን ሌሎች ነፍሳት ይህ ዘረመል የላቸውም።

ዘረመሉ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ብዙ ተክሎች ፌኖሊክ ግሉኮሳይድ የሚባሉ መርዞች ይሠራሉ። መርዙ የተባዩን ሆድ እንደሚጎዳ ሁሉ ካልተጠነቀቁት ተክሉን ራሱንም ይጎዳል። ስለዚህ ተክሉ ማሎኒል የሚባል ትንሽ ቅንጣት ከመርዙ ጋር የሚያጣብቅ ኢንዛይም አለው። ማሎኒል የተጣበቀበት መርዝ አፎቱ ውስጥ እንደገባ ጎራዴ ነው፤ ስለቱ እያለ አይቆርጥም። ነጯ ዝንብ ከተክሉ የወሰደችው ዘረመል የዚህ ኢንዛይም መሥሪያ ነው። ጎራዴውን አልሰበረችም፤ አፎቱን ወሰደች። ቅጠሉን ስትመጥ መርዙ አብሮ ይገባል፤ ሆዷ ውስጥ ኢንዛይሙ ማሎኒሉን ይለጥፍበታል፤ መርዙም ሳይጎዳት ያልፋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የምትጠይቁትን አውቃለሁ። ዘረመል የሚመጣው ከእናትና ከአባት አይደለም ወይ? ነው። በሬ ከበሬ ወገን፣ ገብስ ከገብስ ይወርሳል፤ ከላይ ወደ ታች ነው። ነገር ግን አንዳንዴ ዘረመል ወደ ጎንም ይሄዳል፤ ፈጽሞ ዝምድና ከሌለው ፍጥረት ወደ ሌላው ያልፋል። በባክቴሪያ ዘንድ ይህ የየዕለት ነገር ነው፤ መድኃኒት የማይበግረው በሽታ በሆስፒታል የሚስፋፋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። በእንስሳት ዘንድ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ከተክል ወደ ነፍሳት ማለፉ ደግሞ የብርቅ ብርቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተባዩ ቅጠል ስለበላ ብቻ ዘረመሉን አይወስድም፤ ሆዱ ይፈጨዋል። እኛም በየቀኑ ከእንጀራውና ከወጡ ጋር ስፍር ቁጥር የሌለው ዘረመል እንበላለን፤ ይፈጫል፤ ያልቃል። እንዲቀር ካስፈለገ ዘረመሉ ከሆድ አምልጦ ዕንቁላል ከሚሆነው ሕዋስ መድረስ አለበት፤ እዚያ ከተባዩ ዲኤንኤ ጋር መሰፋት አለበት፤ የተባዩ ሕዋስ ሊያነበው መቻል አለበት፤ በመጨረሻም የያዘችውን ከሌሎቹ ይልቅ የሚያዋልድ ጥቅም መስጠት አለበት። አጥኚዎቹ የሚጠረጥሩት አሻጋሪ ቫይረስ ነው፤ የተክሉን ዘረመል ቁራጭ ይዞ ወደ ተባይዋ የገባ። ጊዜውን ሲገምቱት ከ35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰው ገና አልነበረም፤ ገብስም አልታረሰም።

ለመሆኑ ይህ እውነት መሆኑ በምን ታወቀ? የነፍሳትን ዲኤንኤ የሚያነብ ሰው አብሮ የሚገባ ቆሻሻ ያጋጥመዋል፤ ተባዩ የበላው ቅጠል፣ ሆዱ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ። እ.ኤ.አ. በ2015 ታርዲግሬድ በምትባል በዓይን በማትታይ እንስሳ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። ከስድስት ዘረመሎቿ አንዱ ከባዕድ የመጣ ነው ተብሎ ታወጀ፤ ብዙ ሳይቆይ ሌሎች መርምረው አብዛኛው ከናሙናው ጋር የተቀላቀለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ የነጯን ዝንብ ዘረመል ያገኙት ሰዎች አየነው ብለው አላቆሙም። ዘረመሉ በተባይዋ በራሷ ዘረመሎች መካከል ተሰፍቶ የሚገኝ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያም አንድ ፈተና አደረጉ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝም እሱ ነው።

ዘረመል ሥራውን የሚያሠራው አርኤንኤ በሚባል መልእክት ነው። ከዚያ መልእክት ጋር የሚገጥም አጭር አርኤንኤ ወደ ሕዋሱ ከገባ መልእክቱ ተቆራርጦ ይቀራል፤ ኢንዛይሙም አይሠራም። አጥኚዎቹ ይህን አጭር አርኤንኤ በቅጠሉ ውስጥ የሚያመርት ቲማቲም አዘጋጁ። ነጯ ዝንብ መጣች፤ እንደ ልማዷ መጠጠች። ከፈሳሹ ጋር የገባው አርኤንኤ ኢንዛይሟን አስቆመባት፤ ከዚያ በኋላ የገደላት ቲማቲሙ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራው የኖረው የራሱ መርዝ ነው። በሙከራው ቲማቲም ላይ የዋሉት ነጭ ዝንቦች ከሞላ ጎደል አለቁ። በዚያው ቲማቲም ላይ የተሞከሩ ሌሎች ተባዮች ምንም አልሆኑም፤ አርኤንኤው የሚገጥመው ዘረመል የላቸውምና።

ይህን ከመርጨት ጋር አስተያዩት። የምንረጨው ኬሚካል ንቡንም ክሽክሹንም፣ ክሽክሽ የምትበላውን ጥንዚዛም አይለይም። የስሜን ማር ከዚህ ሜዳ አበባ የሚመጣ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። አንድን ተባይ ከሌላው ለይቶ የሚመታ ነገር ማግኘት ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ያን መለያ ያገኘነው ደግሞ ተባይዋ ጥንካሬዋን ከየት እንዳመጣች በመጠየቅ ነው፤ ከተክል የወሰደችው ነገር ከሌሎች ነፍሳት የምትለይበት ምልክት ሆነ። ቲማቲሙ እስካሁን የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ ነገ ደባርቅ ገበያ ይመጣል አልልም። መንገዱ ግን ታይቷል።

ነጯ ዝንብ በዚህ አንድ ዘረመል አላበቃችም። እ.ኤ.አ. በ2022 የፈረንሳይ አጥኚዎች ዲኤንኤዋን እንደገና ፈትሸው ከተክል የመጡ 49 ዘረመሎች ቆጥረዋል፤ ቢያንስ 24 ጊዜ በተለያየ ወቅት የገቡ ናቸው ብለዋል። ለምን እሷ ብቻ ይህን ያህል እንደሰበሰበች ገና የሚያከራክር ነው።

ሌሎቹ ተባዮች ከባዕድ ያገኙት ዘረመል ደግሞ በአብዛኛው ከባክቴሪያና ከሻጋታ የመጣ ነው። አተርና ምስር ላይ የምታዩትን አረንጓዴና ቀይ ክሽክሽ ውሰዱ። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ዓይነት ቀለም እንስሳ ራሱ አይሠራም፤ ከሚበላው ያገኘዋል። የአተር ክሽክሽ ግን ትሠራዋለች፤ ናንሲ ሞራንና ታይለር ጃርቪክ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ዘረመሎቹን ያገኘችው ከሻጋታ ነው። ከዘረመሎቹ አንዱ ሲጠፋባት ቀይዋ አረንጓዴ ትወልዳለች።

ከዚህም የሚያሳስበን የቡናው ነው። ቡና አገሩ እዚህ ነው፤ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ የምትባለው ትንሽ ጥንዚዛም አፍሪቃዊት ናት። ፍሬውን በስታ ትገባለች፤ እዚያው ትወልዳለች፤ ልጆቿም ፍሬውን እየበሉ ያድጋሉ። የቡና ፍሬ ስንቁን የሚያስቀምጥበት ጠንካራ የስኳር ሰንሰለት አለው፤ ብዙ ነፍሳት ሊፈጩት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሎምቢያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህች ጥንዚዛ ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ዘረመል ከባክቴሪያ እንዳገኘች አሳዩ። ቡና ላይ ተወስና የማትኖረው የቅርብ ዘመዷ ዘረመሉ የላትም። አንድ ዘረመል አንዲትን ተራ ጥንዚዛ የዓለም የቡና ገበሬ ሁሉ ጠላት አደረጋት ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት የ218 ነፍሳትን ዲኤንኤ መርምሮ ከባዕድ የመጡ 1,410 ዘረመሎች አግኝቷል። ብርቅ ነው ያልኩት በአንድ ሰው ዕድሜ ሲታይ ነው፤ በመቶ ሚሊዮን ዓመታት ሲታይ ግን የተባዮች ታሪክ አንዱ ዋና ምዕራፍ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሥጋት ይመጣል፤ ተገቢ ሥጋትም ነው። ሰው ዘረመሉን የለወጠው ሰብል ቢዘራ ያ ዘረመል ነገ ወደ ተባይ አይሄድም ወይ? በአገራችን ስለ ደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የባክቴሪያ ዘረመል የገባበት የጥጥ ዘር እንዲዘራ ተፈቅዷል። ያ ጥጥ የሚከላከለው ፍሬ የሚቦረቡረውን ትል እንጂ ነጯን ዝንብ አይደለም። የሥጋቱ መልስ እንደኔ እምነት ይህ ነው፦ ከሰብል ወደ ተባይ ዘረመል እንዲያልፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይጠይቃል፤ ተባይ መድኃኒትን የሚለምደው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የሚለምደውም ከራሱ ወገን መካከል የማይሞቱት እየተረፉ እየተዋለዱ ነው። እንቅልፍ ሊነሣን የሚገባው ሁለተኛው ነው። አንድ መድኃኒት በየዓመቱ ደጋግሞ መርጨት፣ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ አገሩን እንዲሞላ ማድረግ፣ እነዚህ ናቸው ተባዩን የሚያጠነክሩት።

አሁን ወደ ገብሳችሁ ልምጣ። በሰሜኑ ደጋ ገብስን የሚጎዳ አንድ ክሽክሽ አለ፤ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ዝናብ ሲያጥር ይበረታል። ምልክቱን ሳታውቁት አትቀሩም፦ ቅጠሉ ላይ ከታች ወደ ላይ ነጭ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ መስመር ይወጣል፤ ቅጠሉ እንደ ተጠቀለለ ይቀራል፤ እሸቱ ከቅጠሉ ተላቆ መውጣት ያቅተውና ይጣመማል። የተጠቀለለውን ቅጠል በጥፍራችሁ ብትዘረጉት ውስጡ ደቃቅ አረንጓዴ ክሽክሾች ተደርድረዋል። እናቲቱ ያለ ወንድ፣ ያለ ዕንቁላል፣ በሕይወት ያሉ ልጆች ትወልዳለች። ጥቅሉ ቤቷ ስለሆነ ከላይ የተረጨ መድኃኒት አያገኛትም።

ታዲያ ነጯን ዝንብ የጣለው የአርኤንኤ ዘዴ እሷንም አይጥልም ወይ? ተሞክሯል፤ ነገር ግን ክሽክሾች በምራቃቸውና በአንጀታቸው አርኤንኤን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ስላሏቸው ውጤቱ አንዴ ይሰምራል፣ አንዴ ይከሽፋል። ለስሜን ገብስ ዛሬ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ የቤተ ሙከራ መድኅን የለም። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በእናንተው ጎታ ውስጥ ነው።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጎንደር አድርጎ እስከ አክሱም ተጉዟል። የገብሳችንን ብዛትና ልዩነት አይቶ ይህ አገር የዓለም ሰብሎች ከሚፈልቁባቸው ማዕከላት አንዱ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሽክሽ በሚያስተላልፈው ገብስን ቢጫ አድርጎ በሚያቀጭጭ ቫይረስ ላይ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ከ6 ሺህ በላይ የገብስ ዓይነቶች ተፈተኑ። ቫይረሱን ተቋቁመው የተገኙት ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የኢትዮጵያ ነበሩ። ከእነሱ የተወሰደው ዘረመል ዛሬ በብዙ አገር ገብስ ውስጥ አለ። ቅጠል ላይ አመድ የነሰነሰ የሚመስለውን ሻጋታ የሚከላከለውና በአውሮፓ የበልግ ገብስ በሰፊው የሚታወቀው ዘረመልም የተገኘው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ ከሰበሰቡት የገበሬ ዘር ነው። የአውሮፓ ቢራ ጠማቂ የሚገዛው ገብስ ብዙው ከሻጋታ የዳነው በኛ አያቶች ዘር ነው። ይህን ስናገር ኩራትም ቁጭትም ይሰማኛል፤ ዘሩን ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ነጯ ዝንብ ዘረመሉን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው፤ ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት ይዛው ኖረች። የገብሱን ዘረመል ያቆየው ግን ሰው ነው፤ ከየዓመቱ አዝመራ የተሻለውን ዛላ ለይቶ ለዘር ያስቀመጠ፣ ጥቁሩን ከነጩ፣ ሰነፍ ኮሎውን ከሌላው ሳይጥል የዘራ ገበሬ። የተባይዋ ሀብት ራሱን ይጠብቃል። የእኛው ግን አንድ ትውልድ ካልዘራው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ በሺዎች የሚቆጠር የገብስ ናሙና በቅዝቃዜ አስቀምጧል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከአዲስ ክሽክሽ ጋር አይታገልም፤ ማሳ ላይ ያለው ነው በየዓመቱ የሚፈተነው።

ስለዚህ የመጣሁበትን ልንገራችሁ። የቢራ ገብስ ገበያ ስላለው ዝሩ፤ ልጅ ማስተማሪያ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የማሳውን አንድ ጥግ ለቆየው ዘር ተዉለት። ክሽክሽ በበረታበት ዓመት አካባቢው ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ዛላ ቅጠሉን ዘርግቶ ካገኛችሁ አትውቁት፤ ክር አሥራችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ለብቻው ዕጨዱት፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም ለመምህሩ አሳዩት። መምህራን ደግሞ ናሙናውን ወደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ጎንደር የግብርና ምርምር ማዕከል አድርሱልን። ከጊች መንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ የተዛወሩ ዘመዶች ያላችሁም ጠይቁልኝ፦ ከዚያ ከፍታ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ማሳ፣ ዘራቸውን ይዘው ወርደው እንደሆነና ዛሬም ከጎታ ጥግ የቀረ ካለ። አንድ ቁና ቢሆን እንኳ ይበቃል፤ እሱን መርምሮ ማባዛት የኛ ሥራ ይሆናል።